መደብ

ከተክለሃይማኖት ዝቅ ብሎ፣ ከድሮው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣
ጤና ጣቢያውን አስፋ ተብዬ ሐሙስ ጠዋት ስገባ፣
የያዝኩት ሜትር ነበር፣ እርሳስ፣ አንድ ጥቅል ወረቀት፤
ሰልፉን በእርምጃ ልለካ፣ ሕዝቡን በካሬ ሜትር ስፋት።

ቆጠርኩ። ወንበር አርባ ሁለት፣
መስኮት አራት፣
ተራ የሚጠራ ማሽን ከነድምፁ፣ ከነመብራት።

«ተራ ቁጥር ሃምሳ ሰባት» አለ ማሽኑ ረጋ ብሎ፣
ዜና እንደሚያነብ ሰው አማርኛውን አስተካክሎ።
ሃምሳ ሰባት ንቅንቅ የለም።
ሃምሳ ሰባት ሁዳን ናት፤ ከጎዴ የገባች ትናንት ማታ፣
ልጇን በጭኗ አስተኝታ፣
ወረቀቷን እንደ ክታብ በመዳፏ ጨብጣ፣ አንገቷን ደፍታ።
ማሽኑ ደገመ፣ ሠለሰ፣
ሃምሳ ስምንት ብሎ አለፋትና ወደ ሌላው ገሠገሠ።

ይኼኔ ዱላውን በግንቡ አስደግፎ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ፣
ከበሩ ሥር፣ ከጭቃው መደብ ተነሥቶ ጥበቃው ደረሰ፦
ጋሽ ኤርሲዶ።
ሆሳዕና ተወልዶ፣
ጅጅጋ ስምንት ዓመት ዘብ ቆሞ፣ መቀሌ ቆስሎ፣ አሰላ አግብቶ ወልዶ፣
ከየቀዬው ቋንቋ እንደ ቆሎ ዘግኖ፣ በኪሱ ይዞ ነጉዶ።

«ኢስካ ወረን» አላት። ብቻ ይኼን።
አፏ ተፈታ፤ የታፈነው ሁሉ ወጣ፤
ልጁ ሦስት ቀን እንዳልጠባ፣ ትኩሳቱ ሌሊት ሌሊት እንደሚመጣ።
እሱም ለነርሷ አቀበለ፣ አንዱንም ሳያዛባ፣ ሳይቆጣ።

ሜትሬን ጠቀለልኩና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።
አየሁት፤ ለአደይ ለተብርሃን በትግርኛ «ከምግብ በኋላ ነው» ሲል፣
ኦብሴን በኦሮምኛ፣ መርፌ የፈራችውን፣ ሲያባብል፣
«ማሌ» ቢለው ረጅሙ የኑዌር ተማሪ እየሳቀ አነጋገሩን ሲያስተካክል፤
ከጋሞው ሸማኔ ጋር ደግሞ ቃል ቢያልቅበት ጊዜ፣
ጣቱን ውኃ ነክሮ ፀሐይ ሲሥል በጠረጴዛ፦
አንዷ ስትወጣ፣ አንዷ ስትጠልቅ፤
አንድ ፍሬ ለዚህች፣ አንድ ፍሬ ለዚያች።

አንዲት ልጅ ብቻ አቃተችው። መስማት የተሳናት።
እጆቿ ተናገሩ፣ ፈጠን ፈጠን፣ እንደገና።
ጋሽ ኤርሲዶ የራሱን እጆች ገልብጦ አያቸው፣
ባዶ መሆናቸውን ገና ዛሬ ያወቀ ይመስል።

በማግስቱ በዕቅዱ ላይ «አስተርጓሚ» ብዬ ጻፍኩ።
የበጀት ኃላፊዋ ወይዘሮ በለጥሻቸው መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፤
«የጥበቃ መደብ አለ፣ የጽዳት መደብ አለ፤ የዚህ ግን መደቡ የለም» አለች።
«ደግሞስ ሰማንያ ቋንቋ ባለበት አገር ሰማንያ መስኮት ልክፈት?»
ክፉ አይደለችም።
ትናንት ለገዛ እናቷ፣ ሐኪም ቤት፣ በጉራግኛ ስታስተረጉም ውላለች።
መልስ አልነበረኝም። ሰማንያ መስኮት የሚሸከም ግድግዳ አላውቅም።

ዝም ብዬ ወረቀቴን ዘረጋሁ።
በበሩ ሥር፣ በጭቃው መደብ ላይ፣ በራሴ ቀይ እርሳስ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦
«ይፍረስ። ጀነሬተር።»
ጋሽ ኤርሲዶም በሰኔ ጡረታ ይወጣል።

ላጲስ አነሣሁ። ጀነሬተሩን ሁለት ሜትር ገፋሁት፤
ቀዩ ጠፍቶ አልጠፋም፣ ወረቀቱን አሳሳሁት።
ከጎኑ በትንሹ ጻፍኩ፦ «መደብ፣ አንድ።»
ፈራሚው መቀመጫ መስሎት ያልፈው ይሆናል፤
ጭድና አፈር፣ የግማሽ ቀን ሥራ፣ የጭቃ መደብ ምን ያህል ያስወጣል?

ማን እንደሚቀመጥበት ልሞላ ፎርሙን ገለባበጥኩ፣
የሚጻፍበትን ሣጥን አጣሁ።